የደራሲው መከራና የልብ ወለዱ ፍርድ፦ ሐዲስ ዓለማየሁን በጋሞ ስለ ማስተማር

መግቢያ

ስለ አንድ ደራሲ በክፍል ውስጥ ስናስተምር ሁለት ነገሮችን ለየብቻ የማቅረብ ልማድ አለን። አንደኛው የደራሲው የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ ይኸውም የትውልድ ዘመኑ፣ የተማረባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የያዛቸው የሥራ ኃላፊነቶችና የጻፋቸው መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ሁለተኛው የድርሰቱ ትንተና ሲሆን፣ እርሱም በታሪኩ አወቃቀር፣ በገጸ ባሕርያቱና በጭብጡ ተከፋፍሎ ይሰጣል። ተማሪው የመጀመሪያውን በቃሉ ያጠናል፤ ሁለተኛውን በደብተሩ ያጠቃልላል። ሰውየው ያሳለፈው ዘመንና የጻፈው መጽሐፍ እንዴት እንደ ተገናኙ ግን የሚጠይቀው የለም። ግንኙነቱ አልፎ አልፎ ቢነሣ እንኳ «ደራሲው ብዙ ስለ ተቸገረ ስለ ችግር ጻፈ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አባባል ምን ያህል እንደሚያሳስት በአንድ ታላቅ ደራሲ ሕይወትና ሥራ ማሳየት ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ፣ መጽሐፉም በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የምናቀርበው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሐዲስ በሕይወታቸው የደረሰባቸው ከባዱ መከራ ጦርነትና የባዕድ አገር እስራት ነበር። ወደ መጀመሪያው ልብ ወለዳቸው የገባው ግን ከዚያ በፊት በልጅነታቸው ያዩት፣ ማንም መከራ ብሎ ያልሰየመው፣ በማዕርግና በዘር ሰውን ከሰው የሚለየው የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ይህን ልዩነት ልብ ያላለ መምህር መጽሐፉን የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ያስተምረዋል። ልብ ያለ መምህር ግን በጨንቻ ደጋም ሆነ በአርባ ምንጭ ቆላ ለሚማር ልጅ የራሱን አካባቢ የሚመረምርበት መሣሪያ ይሰጠዋል።

የሕይወታቸው ሁለት መከራዎች

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ቅኔውን ጨምሮ ተማሩ። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል አንባቢ ያውቀዋል፤ ከወላጅ ርቆ መኖር፣ በየደጃፉ ለምኖ ማደር፣ ከውሻ ጋር መታገል፣ በጎጆ ውስጥ በብርድ ማጥናት ነው። በዚህ ኑሮ ያለፈ ልጅ የአገሩን ማኅበራዊ ሥርዓት ከታች ወደ ላይ ያየዋል። የባላባቱን አዳራሽም የገበሬውንም ጎጆ ከደጅ ቆሞ ያውቃቸዋል፤ ማን በምን ፊት እንደሚሰጥ፣ ማን በምን ቃል እንደሚያባርር ይማራል።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። ገና ወጣት ሳሉ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ተውኔት ደረሱ። ወደ ጎጃም ተመልሰውም በመምህርነት ሠሩ። ይህ የመምህርነት ዘመን በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፍ ነው፤ ለልብ ወለዳቸው ግን ያለው ዋጋ ከፍ ያለ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

ሁለተኛው መከራ ከጠላት ወረራ ጋር መጣ። ሐዲስ በ1928 ዓ.ም. በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ሆነው በሽሬ ግንባር ዘመቱ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም ትግሉን ለመቀጠል ወደ ምዕራብ ካፈገፈጉት ጋር አብረው ሄዱ። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ለመስጠት በተገደዱበት ወቅት እርሳቸውም ተማረኩ። ጎጀብ ከኦሞ ገባሮች አንዱ ነው፤ የኦሞ ሸለቆ ደግሞ የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ተማሪዎች በጂኦግራፊ ትምህርት ቀድመው ከሚያውቋቸው ስፍራዎች የሚቆጠር ነው። የደራሲው የነጻነት ዘመን ያበቃው እንግዲህ ለእኛ ሩቅ ባልሆነ አገር ነበር። ከዚያ በኋላ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ከስድስት ዓመት በላይ ታሰሩ፤ የተፈቱትም ተባባሪዎቹ መንግሥታት ደቡብ ኢጣልያን በያዙበት ጊዜ ነበር።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የነበረው ኑሮ የሹመት ኑሮ ነው። በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር፣ ቀጥሎም በለንደን አምባሳደር፣ በኋላም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ልዩ ትርጉም ያለው ነገር ደግሞ ከልብ ወለዱ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተባለ መጽሐፍ ማሳተማቸው ነው። በዚያው ዓመት «ተረት ተረት የመሠረት» ወጥቷል። ልብ ወለዱን የጻፈው ሰው ስለ ትምህርት አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነበር።

ያልተጻፈው እስር ቤት

መከራ ያየ ደራሲ ሁሉ መከራውን በአንድ መንገድ አይጽፍም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ አባቱ በዕዳ በታሰሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የጫማ ቀለም በሚዘጋጅበት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠራ። ነገሩን ከሰው ሸሽጎ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ በሌላ ልጅ ስም አወጣው። አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከመሬታቸው ተፈናቅለው ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱትን ገበሬዎች በሰፈሩበት ቦታ ሄዶ አየ፤ በ1939 ያሳተመው ታላቅ ልብ ወለዱ ከዚያ የመጣ ነው። የመጀመሪያው የደረሰበትን፣ ሁለተኛው ያየውን ጻፈ ማለት ይቻላል። በሁለቱም ዘንድ መከራውና መጽሐፉ በቀጥታ መስመር ይገናኛሉ።

የሐዲስ መንገድ ከሁለቱም ይለያል። የሽሬን ጦርነትና የፖንዛን እስራት ያየ ሰው የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሲጽፍ ስለ ጦርነትና ስለ እስራት ይጽፋል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ግን ፖንዛ የለም። ታሪኩ የሚፈጸመው ከወረራው በፊት በነበረው ጎጃም ነው። ሐዲስ የጦርነቱን ትዝታ ለብቻው «ትዝታ» በተባለው መጽሐፍ ያወጡት በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከልብ ወለዱ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ከጦርነቱ ደግሞ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይተው ማለት ነው። ያንንም የጻፉት በልብ ወለድ መልክ አልነበረም።

ይህ ለምን ሆነ? ደራሲው በልባቸው ያሰቡትን ለማወቅ አንችልም፤ ከሥራው ግን አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። ጠላት ያደረሰው መከራ ፍርዱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ወራሪው በዳይ፣ ዘማቹ ተበዳይ መሆናቸውን አንባቢው መጽሐፉን ሳይገልጥ ተስማምቷል። እንዲህ ያለው መከራ ምስክር ያሻዋል፤ ምስክርነትም የትዝታ መጽሐፍ ሥራ ነው። በልጅነት የታየው በደል ግን በዳይ የሚመስል ሰው የለበትም። የሚበድሉት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ፣ እንግዳ የሚቀበሉ፣ ልጃቸውን የሚወዱ ናቸው። በደሉም ወግ፣ ልማድ፣ ክብር የሚባሉ መልካም ስሞች አሉት። በዳዩንና ተበዳዩን ለመለየት የብዙ ሰዎችን ኑሮ ከውስጥ ማሳየት፣ አንባቢውንም ቀስ በቀስ ዳኛ ማድረግ ያስፈልጋል። ልብ ወለድ ለዚህ የተሠራ መሣሪያ ነው። ሐዲስ እያንዳንዱን መከራ ለሚስማማው የጽሑፍ ዓይነት ሰጡት ብንል ከእውነት አንርቅም።

መምህሩ በዛብህ

ወላጆቹ ለአምላክ በስለት የሰጡት የገበሬ ልጅ በዛብህ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምሮ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል። ሰብለ ወንጌል ደግሞ አባቷ በዘራቸው በመኩራት ለእርሷ የሚመጥን ባል በማጣታቸው ሳታገባ የቆየች የባላባት ልጅ ናት። በመምህሩና በተማሪዋ መካከል ፍቅር ያድራል፤ ፍጻሜውንም ርዕሱ ይናገራል።

መምህራን ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ያመልጣቸዋል፤ ይኸውም ዋናው ገጸ ባሕርይ የሙያ ጓደኛቸው መሆኑ ነው። በዛብህ ወደ ባላባቱ ቤት የገባው በዕውቀቱ ነው። በዚያ ቤት ከእርሱ የበለጠ የተማረ ሰው ባይኖርም፣ ዕውቀቱ ከአስተማሪነት ወንበር አያሳልፈውም። ባላባቱ ዕውቀቱን ይፈልጋሉ፤ ሰውየውን ግን ከገበሬ ልጅነቱ አያወጡትም። ፊደል ማስቆጠር የተፈቀደለት ሰው ልጅቱን ለጋብቻ መጠየቅ አልተፈቀደለትም።

የደራሲው ሕይወት ከመጽሐፉ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነጥብ ይመስለናል። ሐዲስ የደብረ ኤልያስና የዲማ ተማሪ፣ ኋላም በጎጃም መምህር ነበሩ። ትምህርት ለድኻ ልጅ ምን በር እንደሚከፍትለት፣ የትኛው በር ላይ ደግሞ እንደሚያቆመው ከውስጥ ያውቁታል። በዛብህን በሐዲስ ልክ የተሠራ ምስል ማድረግ አይገባም፤ ሐዲስ በዘመናዊው ትምህርት አማካይነት ያንን በር አልፈው ሚኒስትር ሆነዋል። ልብ ወለዱ የሚነግረን ማለፍ ስላልቻሉት ነው። ዕድል ያወጣው ሰው ዕድል ላላወጣቸው የጻፈው ክስ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው የበዛብህ ሸክም ስለቱ ነው። ልጁ ሳይጠየቅ ዕጣ ፈንታው በወላጆቹ ቃል ታስሯል። እዚህም ደራሲው ወላጆቹን ክፉ አድርገው አልሣሏቸውም፤ ልጃቸው እንዲኖርላቸው የለመኑ ድኾች ናቸው። ፍቅር ራሱ ልጅን ሊያስር እንደሚችል የሚያሳየው ይህ ክፍል የልጃቸውን የወደፊት ሥራና ጋብቻ አስቀድመው ለሚወስኑ ወላጆች ዛሬም የሚናገረው አለው።

ጉዱ ካሳ ደራሲው ነውን?

ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርያት በአንባቢ ልብ አብልጦ የቀረው ጉዱ ካሳ ነው። ከባላባቱ ወገን ተወልዶ የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፍ፣ ስለዚህም እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ነው። የማኅበራዊውን ኑሮ አቋም ከላይ ያሉት ድንጋዮች ከታች ያሉትን እንደሚጫኑበት ካብ አድርጎ የሚያይበት አስተሳሰብ የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ምሰሶ ነው። በክፍል ውስጥም ሆነ ከክፍል ውጭ «ጉዱ ካሳ ማለት ሐዲስ ራሳቸው ናቸው» ሲባል እንሰማለን።

ይህ አባባል ከፊሉ እውነት ሆኖ ከፊሉ ያጎድላል። እውነት የሚሆነው ሐዲስም እንደ ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን ከውስጥ ሆነው የነቀፉ በመሆናቸው ነው። መጽሐፉ ሲታተም ሥርዓተ መንግሥቱ በሥራ ላይ ነበር፤ ደራሲውም ከከፍተኛ ሹማምንቱ አንዱ ነበሩ። ነቀፌታው ባለፈ ዘመን ላይ የተነገረ መስሎ ቢቀርብም፣ በታሪኩ ውስጥ ከተለመደው ግብር በላይ የተጠየቁት የጎጃም ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ማለታቸውን ያነበበ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ በዚያው ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሕዝብ ሲነሣ አይቷል። መጽሐፉ ለዐመፁ ምክንያት ነበር ማለት አይደለም፤ ደራሲው የአገሩን ሕመም የት እንዳለ ማወቃቸውን ግን ያመለክታል።

የሚያጎድለው ደግሞ ይህ ነው። ጉዱ ካሳ ይናገራል እንጂ አያሸንፍም። እውነቱን ያወቀ ሰው በመካከላቸው ቢኖርም በዛብህና ሰብለ አልዳኑም። ደራሲው ጉዱ ካሳን የአፋቸው ቃል ብቻ ቢያደርጉት ኖሮ መጽሐፉ ስብከት በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን ትክክለኛ ሐሳብ ብቻውን ሥርዓትን እንደማይለውጥ እንድናይ ትተውናል። መምህሩ ተማሪዎቹን «ጉዱ ካሳ ምን አለ?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ «ንግግሩ ለምን ማንንም አላዳነም?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሕይወት ይዘራል።

መጽሐፉ ያላየው አገር

አድናቆት ትችትን አይከለክልም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በቀድሞው ሥርዓት የነበረውን የኢትዮጵያን ሕዝብ ኑሮ ሁሉ እንደሚያሳይ አድርጎ ማስተማር ስሕተት ነው። የጎጃም ገበሬ ምንም ቢበደል በትውልድ ሐረጉ የሚቆጠር የርስት መብት ነበረው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ግዛት በተጠቃለሉት እንደ ጋሞ ባሉ የደቡብ አገሮች ግን ገበሬው ከሌላ አገር ለመጡ ሹማምንትና ወታደሮች ገባር ተደረገ። ግብሩ ብቻ ሳይሆን የሚያስገብረው ሰው ቋንቋም እንግዳ ነበር። የመሬት ባለቤትነት የተለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የጋሞ ተማሪ አያቶች የሚያስታውሱት ባለ መሬት ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር ቢኖርም፣ አንድ ዓይነት ግን አይደለም።

ይህ የመጽሐፉ ጉድለት ነውን? ደራሲ ያላየውን አገር አልጻፈም ተብሎ አይወቀስም፤ ሐዲስ የሚያውቁትን በጥልቀት ጻፉ። ጉድለቱ የሚመጣው ሥርዓተ ትምህርቱ አንዱን አገር ለሁሉ ምሳሌ አድርጎ ሲያቀርብና መምህሩም ልዩነቱን ሳያነሣ ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ የጋሞ ልጅ የሌላውን አገር ታሪክ የራሱ እንደ ሆነ አድርጎ ይሸመድዳል፤ የራሱም አገር ታሪክ ለመጻፍ የማይበቃ ይመስለዋል።

በጋሞ መማሪያ ክፍል

እንዲህም ሆኖ መጽሐፉ ለጋሞ ተማሪ የቀረበ የሚሆንበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለ፤ እርሱም የጋብቻ ነገር ነው። በጋሞ ደጋ ኅብረተሰቡ በልማድ በወገን ተከፍሎ ኖሯል። መሬትና የአደባባይ መብት ያላቸው ማላ፣ ሸክላ የሚሠሩት ማና ወይም ጪናሻ፣ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ ይባላሉ። ማላ ከደጋላም ሆነ ከማና ጋር መጋባት በልማድ የተከለከለ ነበር። በሕግ ፊት ሁሉም እኩል ቢሆንም የዚህ ልማድ ርዝራዥ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ የፊታውራሪ መሸሻን የዘር ኩራት ሲሰማ የሚስቅ ተማሪ በራሱ መንደር ያለውን ሲያስብ ሣቁን ይገታል። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያቸው በሌላው ዘንድ ሲናቅ መኖሩን የሚያውቅ፣ በዚያው ላይ ሸክላ ሠሪዋን ጎረቤቱን የሚንቅ ተማሪ፣ ካቡ በእርሱም አገር እንዳለ፣ እርሱም በአንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሌላው እንደሚጫን ይረዳል።

ይህ ጥንቃቄ የሚሻ ትምህርት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የሁሉም ወገን ልጆች አሉ። መምህሩ ተማሪዎቹን «አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» ብሎ ቢጠይቅ ሊያጠፋው የፈለገውን ቁስል ራሱ ያደማዋል። የልብ ወለድ ጥቅም ግን እዚህ ይታያል፤ ተማሪው ስለ በዛብህ እየተናገረ ስለ ራሱ ማሰብ ይችላል፤ ስሙን ሳያነሣ፣ ሳያፍር፣ ሳያሳፍር። በዚህ መሠረት ለመምህራን ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መጽሐፉ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ ቋንቋውም የቤተ ክህነትና የጎጃም አነጋገር የበዛበት ነው። አፉን በጋሞኛ ለፈታ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ለተማረ ልጅ በአንድ ጊዜ ማንበቡ ይከብደዋል። የተመረጡ ክፍሎች በክፍል ውስጥ ጮክ ተብለው ይነበቡ። አገሩ በሙሉ ይህን መጽሐፍ የወደደው ብዙው ሕዝብ በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ስለ ሰማው ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ነገር በክፍል ውስጥ እንደ ዱቡሻ ሸንጎ ይታይ። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክርና ሽማግሌ ተሰይመው ይከራከሩ። ቀጥሎም በቀድሞው ልማድ በዱቡሻ ላይ እኩል የመናገር መብት ለሁሉም ወገን ያልነበረው ለምን እንደ ሆነ ይጠየቅ። የራስን ባህል መውደድና መመርመር አብረው እንደሚሄዱ ተማሪው በተግባር ያያል።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ስለ ገባርነት ዘመን፣ ስለ ጋብቻ ክልክል፣ ስለ ሽመናና ስለ ሸክላ ሥራ የሰሙትን በጋሞኛ ይሰብስቡ፤ በአማርኛም ይጻፉ። ሐዲስ የልጅነታቸውን መንደር ለልብ ወለድ የሚበቃ አድርገው አይተውታል። ይህን ማየት የሚጀምረው በትምህርት ቤት ነው።

ለዕቅድ አውጪዎችና ለፈተና አዘጋጆች ደግሞ የምንለው አጭር ነው። መምህር የሚያስተምረው ፈተና የሚጠይቀውን ነው። «ሐዲስ ዓለማየሁ መቼና የት ተወለዱ?» የሚለው ጥያቄ አያስፈልግም አንልም፤ ሰው ከነዘመኑ ሊታወቅ ይገባዋልና። ነገር ግን ከአጠገቡ «በፖንዛ የታሰረው ደራሲ በመጀመሪያ ልብ ወለዱ ስለ ፖንዛ ሳይጽፍ ስለ ጎጃም ለምን ጻፈ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይቀመጥ። ለዚህ ጥያቄ የሚሸመደድ መልስ የለም። መልስ ለመስጠት መጽሐፉን ማንበብ፣ ዘመኑን ማወቅ፣ ማሰብም ያስፈልጋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ኅዳር 1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የእልም ዣት» በ1980 ዓ.ም. ታትመዋል። የመጽሐፎቻቸው ቅጂዎች ባሉበት ቤተ መጻሕፍት ሁሉ መምህራን ቀድመው ራሳቸው እንዲያነቧቸው እንመክራለን፤ ያላነበበውን መጽሐፍ ከማስታወሻ የሚያስተምር መምህር ለተማሪው ማስታወሻ እንጂ መጽሐፍ አያወርሰውምና።